የጎዳና ሥዕልና የመንገድ ዳር ድንቆች እንዴት ይፈለጋሉ? ከሰፈራችን ግድግዳ እስከ ሀላባ ቤቶች

ባደግኩበት ሰፈር አንድ ሥጋ ቤት ነበር። ከበሩ ግራና ቀኝ ሁለት በሬዎች ተሥለውበታል። ቀኙ ቀይ፣ ግራው ጥቁር። የጥቁሩ በሬ ዓይን ወዴትም ብትሄዱ ይከተላችኋል። ልጅ ሆኜ እሱን ፈርቼ በሌላ መንገድ ዞሬ ትምህርት ቤት የሄድኩበት ቀን ብዙ ነው።

ከዓመታት በኋላ ስመለስ ሥጋ ቤቱም፣ ግድግዳውም፣ በሬዎቹም የሉም። አንድም ፎቶ አልነበረኝም። የሠዓሊውን ስምም ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን በጣም ቆጨኝ። የጎዳና ሥዕልና የመንገድ ዳር ነገር እየዞርኩ መፈለግና መመዝገብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ከተማችን በፍጥነት እየተለወጠች ነው። በፒያሳና በሌሎች የድሮ ሰፈሮች ብዙ ግድግዳ ፈርሷል። ስለዚህ ይህን መመሪያ አንብባችሁ እሑድን ብቻ እንዳትጠብቁ። ነገ ጠዋት ጀምሩ።

መጀመሪያ፦ ከደጃፋችሁ ተነሱ

ሰው ድንቅ ነገር ሲባል ሩቅ አገር ይታየዋል። እኔ ግን የምመክረው በየቀኑ በታክሲ የምታልፉትን መንገድ አንድ ቀን በእግር መሄድ ነው። አንድ ሰዓት ይበቃል። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው። ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ቅርጹም ቀለሙም ጎልቶ ይታያል። መንገዱም ገና አልተጨናነቀም።

አንድ ነገር አትርሱ። ሱቆች ሲዘጉ የሚታየውና ሲከፈቱ የሚታየው ይለያያል። በር ላይ የተሣለ ሥዕል የሚታየው ሱቁ ዝግ ሲሆን ነው። ስለዚህ ያንኑ መንገድ አንድ ጊዜ በማለዳ፣ ሌላ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ሂዱበት። ስትሄዱ ከዓይናችሁ ከፍታ በላይም ተመልከቱ። ከፎቅ ቤቶች ግንባር ላይ የድሮ የድርጅት ስም፣ የተሠራበት ዓመት፣ የጂብሰም አበባ ወይም የአንበሳ ራስ ታገኛላችሁ።

ክረምት ለዚህ ሥራ አይመችም። ሐምሌና ነሐሴ ቀለም ያጥባሉ፤ ጭቃው ያማርራል። ጥቅምትና ኅዳር ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ልዩ ነው።

ጥያቄውን አስተካክሉ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። መንገድ ላይ ሰው አስቁማችሁ «እዚህ አካባቢ የጎዳና ጥበብ አለ?» ብትሉ መልሱ «የለም» ነው። ሰውየው ዋሽቶ አይደለም። በእሱ ዓይን ጥበብ ያለው ሙዚየም ውስጥ ነው። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ግድግዳው ላይ ሥዕል ያለበት ቤት ታውቃለህ?» «በእጅ የተጻፈ የድሮ ታፔላ የት ቀርቷል?» «ሰው ሲያልፍ ቆም ብሎ የሚያየው ነገር አለ?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሠርታልኛለች።

ማንን እንጠይቅ? ሊስትሮዎችን አስቀድሙ። ቀኑን ሙሉ ጎዳና ላይ ተቀምጠው ግድግዳ የሚያዩ እነሱ ናቸው። ጫማ እያስጠረጋችሁ አውሩ፤ ሒሳቡንም ጨመር አድርጉ። ቀጥሎ የታክሲ ረዳቶች፣ የሕንፃ ጥበቃዎች፣ ጉልት ላይ የተቀመጡ እናቶች። አንድ እማማ ድንች እየመዘኑልኝ «የኔ ልጅ፣ እዚያ ከጀርባ ያለውን አጥር አይተሽዋል?» ብለው የጠቆሙኝ ሥዕል በየትኛውም ማፕ ላይ አልነበረም። አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሰው የሠርግ አጀብ ሥሎበታል።

ስልክም ይረዳል። በኢንስታግራም፣ በቲክቶክና በቴሌግራም የሰፈራችሁን ስም በአማርኛም በላቲን ፊደልም ፈልጉ። ነገር ግን ፎቶዎቹን ስታዩ ዋናውን ሰው ትታችሁ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ እዩ። ልጆች ለፎቶ ብለው የሚቆሙት ደስ የሚል ግድግዳ ፊት ነው።

የሰፈር ስም ራሱ ካርታ ነው

የአዲስ አበባ ሰፈሮች ስማቸው ታሪክ አለው። ሰባራ ባቡር የሚለው ስም የመጣው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ካስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ ተሽከርካሪ ነው። ያ ባቡር ተበላሽቶ የቀረበት ቦታ ስሙን ወሰደ። ዛሬ ባቡሩ የለም፤ ስሙ ግን አለ። ሰባ ደረጃን ደግሞ በእግራችሁ ውጡትና ራሳችሁ ቁጠሩት። ስም ስትሰሙ «ለምን እንዲህ ተባለ?» በሉ። ከመልሱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ይወጣል፤ አንድ ድልድይ፣ አንድ ዛፍ፣ አንድ የድሮ በር።

የሌለ ነገርም ይታያል። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ፊት ለፊት በደርግ ዘመን የሌኒን ሐውልት ቆሞ ነበር። ፊቱ ወደ ቦሌ ነበርና የከተማው ሰው «ሊሸሽ ነው፣ ወደ ኤርፖርት እየሄደ ነው» ይለው ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም ወረደ። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሰዎች ቦታውን በጣት ያሳዩዋችኋል።

የመጀመሪያ ጉዞ፦ ከስድስት ኪሎ ቁልቁል እስከ ለገሃር

ለጀማሪ ይህን መንገድ አጥብቄ እመክራለሁ። ርዝመቱ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኛው ቁልቁል ስለሆነ አይደክምም። ግማሽ ቀን መድቡለት።

ስድስት ኪሎ ላይ በየካቲት 12 ሐውልት ጀምሩ። ቁመቱ 28 ሜትር ነው። ብዙ ሰው ወደ ጫፉ አንጋጦ አይቶ ይሄዳል። እናንተ ግን ከታች ጀምሩ። በዙሪያው ያሉትን የነሐስ ቅርጾች የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ፋሺስቶች የአዲስ አበባን ሕዝብ የጨፈጨፉበትን ቀን ያሳያሉ። ቀስ ብላችሁ ዙሩት። የእናቶቹን እጅ፣ የወደቁትን ሰዎች እግር ተመልከቱ። እኔ እዚህ ቦታ ሳላለቅስ የወጣሁበት ቀን ትንሽ ነው።

ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቡ። መታወቂያ ያዙ፤ በር ላይ ትጠየቃላችሁ። ግቢው የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ሙዚየሙ ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ የሠሩት ነው። ፋሺስቶች ሮም ላይ ሥልጣን ከያዙበት እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ ይጨምሩ ነበር። ከነፃነት በኋላ የኛ ሰዎች ደረጃውን አላፈረሱትም። የመጨረሻው ደረጃ ላይ አንድ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። በቃ። አንድም ቃል መጻፍ አላስፈለጋቸውም። በአዲስ አበባ ካሉት ሁሉ እኔ የምወደው ሐውልት ይህ ነው። ደረጃዎቹን ቁጠሩና ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

አራት ኪሎ ስትደርሱ የድል ሐውልቱን ታገኛላችሁ። አደባባዩ ሚያዝያ 27 ይባላል። ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ነው፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ተመልሰው የገቡት ደግሞ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም። እዚህ አካባቢ ካሜራችሁን ወደ ቤተ መንግሥቱ በኩል አታዙሩ።

ወደ ፒያሳ ስትቀጥሉ ጊዮርጊስ ጋ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አለ። በ1923 ዓ.ም በአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ የቆመ ነው። ጣሊያኖች ነቅለው ቀብረውት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም ሩቅ አይደለም። እሱም የከተማ ባቡር ሲዘረጋ ከቦታው ተነሥቶ ሥራው ሲያልቅ ተመልሷል። ሐውልት አይንቀሳቀስም የሚል ሰው የኛን ከተማ አያውቅም።

ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስትወርዱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት አለ። በ1977 ዓ.ም የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር የተመረቀ ነው። ግራና ቀኝ ያሉትን የነሐስ ቅርጾች የሠሩት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው። ፊቶቹን ልብ ብላችሁ እዩ። የኛ ሰዎች ናቸው፤ አቋቋማቸውና እጃቸውን የሚያነሱበት መንገድ ግን ከሌላ አገር የመጣ ነው። በሶማሊያ ጦርነት ከኢትዮጵያውያን ጎን ለሞቱት የኩባ ወታደሮችም መታሰቢያ ነው።

ጉዞው የሚያልቀው በሁለት አንበሶች ነው። አንደኛው ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ። ሞሪስ ካልካ የተባለው ፈረንሳያዊ ቀራፂ ለዘውድ በዓሉ 25ኛ ዓመት የሠራው ነው። ሰውነቱ ሁሉ ማዕዘን ነው፤ በመጥረቢያ የተጠረበ ይመስላል። ሁለተኛው ለገሃር ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው፣ ዘውድ የደፋው የይሁዳ አንበሳ ነው። የተሠራው በ1923 ዓ.ም ለዘውድ በዓሉ ሲሆን ወራሪዎች ነቅለው ሮም ወስደውት ነበር። ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ሰይፍ የመዘዘው በዚሁ አንበሳ ምክንያት እንደሆነ ሲነገር ያደግን ብዙ ነን። አንበሳው ከብዙ ዓመት በኋላ አገሩ ገባ። ሁለቱን በአንድ ቀን አይታችሁ አወዳድሩ። በመካከላቸው ያለው የጊዜ ልዩነት 25 ዓመት ብቻ ነው።

ጉልበት ከተረፋችሁ ሌላ ቀን መካኒሳ ወደሚገኘው ዞማ ሙዚየም ሂዱ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ያቆሙት ነው። ግድግዳው የኛው ጭቃና ጭድ ነው፤ ላዩ ላይ ግን በእጅ የተቀረጸው ጌጥ ጣታችሁን ይስባል። አትንኩት።

ታፔላ፣ ፀጉር ቤት፣ ታክሲ

ይህ ለእኔ ዋናው ነገር ነው። ሐውልት መንግሥት ይጠብቀዋል። በእጅ የተጻፈ ታፔላን ግን የሚጠብቀው የለም። አሁን ሁሉም ባነር ያሳትማል። ርካሽ ነው፤ በአንድ ቀን ይደርሳል። የብሩሽ ሥራ እየጠፋ ነው።

የት ይገኛል? ከዋናው መንገድ አንድ እጥፋት ገባ በሉ። ፀጉር ቤቶች ላይ የተለያየ ቁርጥ ያላቸው ራሶች ተደርድረው ታያላችሁ። ሥጋ ቤቶች ላይ በሬና ቢላ። ጎሚስታ ቤት ላይ ጎማ። ጠላ ቤትና ቡና ቤት ላይ ጀበናና ጎጆ። ጋራዥ ግድግዳ ላይ መኪናው ራሱ ከነታርጋው።

ስታገኙ መጀመሪያ የታችኛውን ጥግ እዩ። ብዙ ታፔላ ጻፊዎች እዚያ ስማቸውን፣ አንዳንዴም ስልካቸውን ይጽፋሉ። ስልኩ ያረጀ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ከሆነ ታፔላው የቆየ መሆኑን ታውቃላችሁ። ቀጥሎ ፊደሉን እዩ። እያንዳንዱ ጻፊ የ«ሼ»ን ቀለበትና የ«ጠ»ን እግር የሚያወጣበት የራሱ መንገድ አለው። አምስት ስድስት ታፔላ ካያችሁ በኋላ ያለ ፊርማም «ይህቺ የእሱ እጅ ናት» ማለት ትጀምራላችሁ። ያን ቀን የሚሰማችሁን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

የታክሲ ውስጥ ጥቅስም እንዳይረሳ። «ፍቅር ካለ ታክሲ ባስ ይሆናል» የምትለዋን የማያውቅ የለም። ሌሎቹን ግን አንብበን ስቀን ወርደን እንረሳቸዋለን። ፎቶ ለማንሳት አትጨነቁ። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ ካሜራ ማውጣት ሌላውን ተሳፋሪ ያስጨንቃል። ስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ መስመሩንም ጨምሩ፦ ከሜክሲኮ አየር ጤና፣ ከመገናኛ አያት።

ከከተማ ስትወጡ

በራሳችሁ መኪና ከሄዳችሁ ጥሩ ነው፤ ያሻችሁ ቦታ ትቆማላችሁ። በሕዝብ ትራንስፖርት ከሆነ የመስኮት ወንበር ያዙ፤ ለረዳቱም ገና ስትሳፈሩ የምትወርዱበትን ንገሩት። ሲመለሱ መኪና እንዳይጠፋ ከ9 ሰዓት በፊት መንገድ ዳር ቁሙ።

በአንድ ቀን ደርሳችሁ የምትመለሱበት የቡታጅራ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ መልካ ቁንጥሬ አለ፤ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት። ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትደርሱ ጢያ ትክል ድንጋይ። 36 ድንጋዮች ናቸው፤ ከእነዚህ 32ቱ ላይ ቅርጽ አለ። ጎራዴዎቹን ለዩ፤ በአንዳንዱ ድንጋይ ላይ ብዙ ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 መዝግቦታል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ቅርጹ አይታይም፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ በጊዜ ውጡ።

ሁለት ሦስት ቀን ካላችሁ ወደ ሻሸመኔ ውረዱ። ጃማይካ ሰፈር በዋናው መንገድ ዳር ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ለጥቁር ሕዝቦች የሰጡት መሬት ላይ ራስተፈሪያን የሠሩት ሰፈር ነው። በሩም አጥሩም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው፤ የንጉሡ ምስልና አንበሳው ግድግዳ ላይ ተሥሏል።

ከሻሸመኔ መንገዱ ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል። በኮፈሌ ወደ ዶዶላ ከሄዳችሁ የአርሲ ኦሮሞ መቃብሮችን ከመኪና ሆናችሁ ታያላችሁ። በደማቅ ቀለም ያጌጡ ናቸው፤ ፈረሰኛ፣ ጠመንጃ፣ አንበሳ፣ ከብት ተሥሎባቸዋል። የሟቹን ጀግንነትና ሀብት ይናገራሉ። ወደ ሶዶ ከሄዳችሁ ደግሞ ሀላባ ቁሊቶ አካባቢ የሀላባ ሕዝብ ቤቶች አሉ። የጭቃ ጎጆ ናቸው፤ ግድግዳቸው በሥዕልና በጌጥ ተሞልቷል። አርሲም ሀላባም ሥዕሉ ለቱሪስት አልተሠራም። አንዱ ቀብር ነው፤ አንዱ ሰው የሚተኛበት ቤት ነው።

ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግርን አይለፍ። ልብስ ሰፊዎች ከነመኪናቸው በር ላይ የተደረደሩበት መንገድ ነው። ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ቆማችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑና ስሙት።

ፈቃድ

አንዴ አንድ ሕንፃ አጥር ላይ ያለ ሥዕል ሳላስፈቅድ አነሣሁ። ጥበቃው ስልኬን ያዘው። ሥዕሉን ብቻ ማንሣቴን ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ከማውጣቴ በፊት ሰላምታ እሰጣለሁ። «ጋሼ፣ ይህን ሥዕል ማንሣት ይቻላል? በሩን አላነሣም» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ «ይቻላል» ነው መልሱ። «አይቻልም» ከተባለ አመስግኖ መሄድ ነው፤ ክርክር የለም። ወታደራዊ ቦታ፣ ቤተ መንግሥት፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ኤምባሲ አካባቢ ጨርሶ አትሞክሩ።

ሀላባ ቤት ውስጥ ለመግባት ከአካባቢው ሰው ጋር ሂዱ። ክፍያ ካለ ከመግባታችሁ በፊት ከባለቤቷ ጋር ተስማሙ፤ ገንዘቡንም ለእሷ በእጇ ስጡ። መቃብር ጋ የቤተሰብ ሰው ካለ አስፈቅዱ፤ ድንጋዩ ላይ አትደገፉ። ልጆች ከተከተሏችሁ ሳንቲም አትበትኑ። ፎቶውን አሳዩአቸው፤ ማን እንደሣለው ጠይቋቸው። ብዙ ጊዜ ያውቃሉ።

መመዝገብ

ለእያንዳንዱ ነገር ሦስት ፎቶ አንሡ። አንዱ ከሩቅ፣ አካባቢው እንዲታይ። አንዱ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ። አንዱ ከቅርብ፣ የብሩሹ መንገድ እንዲታይ። ከዚያ እዚያው ቆማችሁ ጻፉ፤ ቤት ስገባ ብላችሁ ከተዋችሁት ትረሱታላችሁ። ቀኑን፣ ሰፈሩን፣ ቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ወይም ድልድይ፣ ቀለሙ ዘይት ይሁን ስፕሬይ፣ ማን እንደሣለው፣ ማን እንደነገራችሁ። የማፑን ነጥብ አስቀምጡ፤ ግን በነጥቡ ብቻ አትተማመኑ። የኛ አድራሻ «ከዳቦ ቤቱ ገባ ብሎ ሦስተኛው በር» ነው፤ እንደዚያው ጻፉት። ሰነዱን በሁለት ቦታ አስቀምጡ። የሰው የግል ስልክ ያለበትን ፎቶ ስታጋሩ ቁጥሩን ሸፍኑ።

በዓመቱ ተመለሱ። እዚያው ቦታ ቁሙና እንደገና አንሡ።

እኔ እንዲህ ስመዘግብ ሾላ አካባቢ አንድ የፀጉር ቤት ታፔላ አገኘሁ። አራት ራሶች፣ በዘይት ቀለም። ጥጉ ላይ ስም ነበር። ባለ ፀጉር ቤቱን ጠየቅኩት፤ ሰውየው ኮልፌ እንደሚኖሩ ነገረኝና ደወለላቸው። ስልኩን ሰጠኝ። «ልጄ፣ እሱ ታፔላ እስካሁን አለ እንዴ?» አሉኝ። አለ አልኳቸው። ከሠሩት ሁሉ የአንዱም ፎቶ እንደሌላቸው ሲነግሩኝ አሳጥቤ ቤታቸው ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ሦስተኛውን ራስ በጣታቸው እየጠቆሙ «ይኼ ወንድሜ ነው፤ እሱን እያየሁ ነው የሣልኩት» አሉኝ። ከዚያ ፎቶውን ገልብጠው እስክሪብቶ ጠየቁኝና የወንድማቸውን ስም ከጀርባው ጻፉበት።